ያላደመው አድመኛ

ሳኬያሲን ዛሬ ጠዋት ያመመው ጥርስ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተነቅሎ የተጣለው ነው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ቢዳስስ ድዱ ልስልስ ያለ ባዶ ቦታ ሆኖ አገኘው፤ ሕመሙ ግን እዚያው አለ። ለሚስቱ ለሎሳሊኒ ሲነግራት፣ ለችሎቱ የሚለብሰውን ግራጫ ሽርጥ እየተኮሰች ነበር። ቀና ብላም አላየችው። «ዘግይቷል እንዲያውም» አለችው። «እኔ ትናንት ማታ ይጀምርሃል ብዬ ስጠብቅ ነበር።» የካውያው ገመድ በመስኮት ወጥቶ ከጎረቤት ቤት ስለሚሰካ፣ ጎረቤትየው ሬዲዮውን በከፈተ ቁጥር ካውያው ይቀዘቅዛል። ሎሳሊኒም ሬዲዮው ዝም እስኪል ድረስ ካውያውን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ትመለከታለች፤ ፎቶውን ስትመለከት ደግሞ ከንፈሯ በአንድ በኩል ሰብሰብ ይላል። ሳኬያሲ ይህን የከንፈር ነገር ያውቀዋል፣ አይወደውም፣ አንድም ቀን ግን ምን ማለትሽ ነው ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ፎቶው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ማንም የገባ ሰው ሳያየው ሊቀመጥ በማይችልበት ቦታ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ሳኬያሲ ይሠራበት በነበረው የኮንቴይነር ግቢ በር ላይ፣ በሸራ ድንኳን ሥር፣ ሥራ ካቆሙት አድመኞች መሐል ተቀምጧል። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቷል፣ ግራ ጉንጩም በንዴት የተነፋ ይመስላል። ፎቶውን ያነሳው የግቢው ዘበኛ ነው። የኩባንያው ሰው ከፎቶው ጋር ባያያዘው ወረቀት ላይ «ሠራተኛውን በጭብጨባ የሚያነሳሳ፤ ቁጡ፤ እንዳይቀጠር» ብሎ ጻፈበት። ያ ወረቀት ከአሥር ሌሎች ወረቀቶች ጋር ሆኖ፣ ከሱቫ ከተማ እስከ ላውቶካ ከተማ፣ እሱ የሚነዳው ዓይነት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ባለው ድርጅት ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ሲኖር ቆይቷል። ሳኬያሲ ለሥራ ባመለከተበት ቦታ ሁሉ በፈገግታ ይቀበሉታል፤ ከዚያ አንዱ ወደ ውስጥ ገባ ይልና ሲመለስ «እንደውልልሃለን» ይለዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደወለ የለም። ባለፈው ዓመት አንዲት ጡረታ የወጣች ጸሐፊ ዝርዝሩን ከነፎቶዎቹ አውጥታ ለጠበቃ ሰጠች፤ አሥራ አንዱም ሰዎች ለሥራ ክርክር ችሎት አመለከቱ። ሰፈሩ በደስታ ገንዘብ አዋጥቶ የሳኬያሲን ፎቶ አስጎልቶ፣ የአሥራ ሁለት ዶላር ፍሬም ገዝቶ፣ በመዝሙር አጅቦ አመጣለት። ጎረቤቶቹ ፎቶው ላይ የሚያዩት ቆራጥ ሰው ነው። ሎሳሊኒ የምታየው ጥርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አድማው በተጀመረ ዕለት ሳኬያሲ የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ይዞ ከጥርስ ክሊኒክ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ማደንዘዣው አልለቀቀውም፣ አፉ ውስጥ ጥጥ አለ። የግቢው በር ጋ አድመኞቹ ካቫቸውን፣ ያንን ከተወቀጠ የተክል ሥር የሚሠራ መጠጥ፣ በእንጨት ገበታ በጥብጠው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው አንዱ «ና፣ አንድ ቅል!» ብሎ ጠራው። እኛ ዘንድ ለካቫ ተጠርቶ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ጉንጩ ቢያብጥም፣ ቤቱ ቢቃጠልም፣ አንድ ቅል ጠጥቶ ነው የሚሄደው። ሳኬያሲም ተቀመጠ። ቅሉ ወደሱ ሲመጣ፣ ካቫ የሚቀበል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አንድ ጊዜ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ፤ ዘበኛው ያነሳው ይቺን ነው። ጠጣ፣ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፣ ቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን ተኛ። አድማው ተበትኖ ሰዎቹ ሲባረሩ እሱም ተባረረ። ጎረቤቶች ሊያጽናኑት መጥተው «አንተ አድመኛ፣ አኮራኸን» ሲሉት፣ እብጠቱ ገና ስለነበረ አፉን ከፍቶ መናገር አልቻለም። እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ ነገሩ አምልጦታል፤ በሰፈሩ የካቫ ክብ ላይ የፊት ቦታ ተሰጥቶት፣ ልጆችም «አድመኛው» እያሉ ሲጠሩት ነበር። ራሱ ያልዋሸውን ውሸት ሰው እንዴት አድርጎ ይመልሰዋል? ዝም ነው ያለው። ዝምታውም እያደረ ትልቅ ሆነ።

ቁርስ ካሳቫና ሻይ ነበር። የቆርቆሮ ዓሣ ሦስት ዶላር ከሃምሳ ከገባ ወዲህ ሎሳሊኒ የምትከፍተው እሑድ እሑድ ነው፣ ዛሬ ግን ማክሰኞም ቢሆን አንዱን ከፈተችና አቀረበችለት። እሱም አመሰገነ። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት አየና አቀረቀረ፤ እሷም ሻይዋን ጠጣች። ወዲያው ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ኪቲዮኔ ነው። ኪቲዮኔ የሳኬያሲ የአክስት ልጅ ነው፤ እኛ ዘንድ የወንድምና የእህት ልጆች እርስ በርስ ካልተላከፉ ዝምድናው የታመመ ይመስላል፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ጤነኞች ናቸው። ኪቲዮኔ ራሱ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው፤ ከተባረረ ወዲህ ሸራ በለበሰች አሮጌ መኪና ሰውና እንጨት ያመላልሳል። ዛሬ ከኋላ ግማሹን ሰፈር ጭኗል።

«አድመኛው፣ ና ውጣ» አለ በመስኮት። «ፀጉርህን ቅባት ቀብተሃል እንዴ? የችሎቱ ሰብሳቢ ልታገባህ መሰለህ?»

«አንተ የሞተሩን ዘይት ፊትህ ላይ ተቀብተህ ስትመጣ እኔ ምን ልሁን» አለ ሳኬያሲ።

«እሱ ላብ ነው። ሥራ የሚሠራ ሰው ላብ አለው፤ አንተ ረስተኸው ይሆናል።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ሳኬያሲ ከፊት ገብቶ ተቀመጠ፣ ሎሳሊኒም በመሐላቸው ተጣበበች። መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ ግን ኪቲዮኔ ጭራሽ ዝም አለ። ኪቲዮኔ ዝም ሲል የሚያስፈራ ሰው ነው፣ የሆነ ነገር የተሰበረ ይመስላል። ኮንቴይነር ግቢው በር ጋ ሲደርሱ ያው የሸራ ድንኳን ተተክሏል። የዘንድሮዎቹ ሠራተኞች ሥራ ካቆሙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ሳኬያሲ አንዳቸውንም አያውቅም። ኪቲዮኔ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋላቸው፣ እነሱም እጃቸውን አወዛወዙ። ሳኬያሲ ጉልበቱን እያየ አለፈ።

ችሎቱ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ ኮሪደሩ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ የሚንጠባጠብበት የቀለም ባልዲ ተቀምጧል፤ ባለጉዳዩ ሁሉ ባልዲዋን እየዞረ ያልፋል። ጠበቃዋ ወይዘሪት ሱሚንትራ ባልዲው አጠገብ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አጭር፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ አንድ ጫማዋ የሚጠባት የምትመስል ሴት ናት። ከአሥሩ ሰዎች ጋር ጨርሳለች፤ የቀረው እሱ ነው።

«አቶ ሳኬያሲ፣ ሕጉ አንድ ነገር ነው የሚለው» አለችው። «በአድማ ተሳትፈሃል ተብሎ ሥራ የተነፈገ ሰው ሥራውም ስሙም ይመለስለት ነው የሚለው። ስለዚህ የሚጠይቁዎት አንድ ጥያቄ ነው። አድማው ላይ ነበሩ ወይ ይሉዎታል። ነበርኩ ይሉና ይቀመጣሉ። ከዚያ ፎርክሊፍትዎ ላይ ይወጣሉ።»

«ካልነበርኩስ?» አለ ሳኬያሲ።

እንደ ቀልድ ወሰደችው። «ካልነበሩማ እኔም እዚህ አልነበርኩም» አለችና ሳቃ በሩን ከፈተችለት።

ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከእንግዲህ ሌላ ሙያ አይማርም፤ እጁ የሚያውቀው የፎርክሊፍት መሪ ብቻ ነው፣ እጁም ይናፍቀዋል። አንዲት ቃል ናት የምትፈለግበት። ሰፈሩ በሙሉ ለዘጠኝ ዓመት ሲላት የኖረ ቃል ናት፣ ፍሬም የተገዛላት ቃል ናት። መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያቀርቡለት ዞር ብሎ ወደ ኋላ አየ። ሰፈሩ በሦስት አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ፈገግ ብሎለታል። ሎሳሊኒ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች፣ ግራ ጉንጯን። እያሾፈችበት ይሁን እያዘነችለት መለየት አልቻለም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር። ማለ።

የኩባንያው ጠበቃ ክራባቱ ገና ከሱቅ የወጣ ወጣት ነው። ፎቶውን አንስቶ አሳየው። «እነዚያን ሦስት ቀናት፣ አድማው ላይ ነበሩ?»

ሳኬያሲ ምላሱን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈ። «አልነበርኩም» አለ። «ጥርሴን ተነቅዬ ነበር።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ» ስትል ተሰማ። ወጣቱ ጠበቃ እንዲህ ያለ ስጦታ ከሰማይ ይወርድልኛል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ፈለገ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ፣ «እንግዲህ ሕጉ የሚጠብቀው አድመኛን ነው። አመልካቹ በገዛ አንደበታቸው አድመኛ አይደለሁም ብለዋል። እኔ ጨርሻለሁ» አለ። ሱሚንትራ ቆመች። ፊቷ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፊት ነበር፣ ቢሆንም አፏ ሥራውን አላቆመም።

«ታዲያ አድመኛ ካልሆኑ ለምን አብረው ተቀመጡ?»

«ተጠራኋ።»

«የጠራዎት ሰው ሁሉ ጋ ይሄዳሉ እንዴ?» አለ ወጣቱ፣ ተራው ባይሆንም።

«ለካቫ ከሆነ አዎ» አለ ሳኬያሲ። ቀጥሎም ከልቡ አዝኖለት ጠየቀው፦ «እርስዎን አይጠሩዎትም?»

አግዳሚ ወንበሮቹ በሳቅ ተንቀጠቀጡ። ሰብሳቢዋ፣ መነጽር ያደረጉ ሸበቶ ሴትዮ፣ በእጃቸው ጸጥ አሰኙና ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እኚህ ሴትዮ የራሳችን ልጅ ናቸው፣ በደሴታቸው ስንት ክብ ላይ ተቀምጠው ያደጉ። «እዚህ ላይ እጅዎን ለምን አነሱ?» አሉ።

«ላጨበጭብ ነዋ፣ እመቤቴ። ቅሉ እየመጣልኝ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ፎቶውን ከፊታቸው ሳያነሱ ቆዩ፤ ከፎቶው በላይ የሚታየው ሽበታቸው ትንሽ ትንሽ ይነቃነቅ ነበር። ሲያወርዱት ፊታቸው ኮስተር ብሏል። «የጠራዎት ማን ነው?»

ሳኬያሲ አልመለሰም። ደግመው ጠየቁት፤ አሁንም አልመለሰም። ለዚህ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም ዘጠኝ ዓመት ዝም ማለት የለመደው። ያን ጊዜ ከኋላው ወንበር ሲንቋቋ ሰማ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለ ኪቲዮኔ። ሽርጡን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። «ሲያልፍ አይቼ ጠራሁት።»

ሰብሳቢዋ እንዲቀመጥ ነግረውት፣ ያለውን ግን ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ወጣቱ ጠበቃ ዞሩ። «ደንበኛዎ ይህን ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡት አድሟል ብለው ነው ወይስ ጥርሱ አብጧል ብለው?»

«አድሟል ብለው ነው፣ ግን አሁን እንደሰማነው ተሳስተው...»

«መሳሳታቸውን ዛሬ ነው የሰሙት?»

«ዛሬ ነው፣ እመቤቴ።»

«ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት የቀጡት አድመኛ እየቀጡ መስሏቸው ነው።» ይህንንም ጻፉ፤ ብዕራቸው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ውሳኔው ከአራት ሳምንት በኋላ ይነገራል ብለው ተነሡ።

ደረጃው ላይ ሱሚንትራ ደረሰችበት። «የጥርሱን ነገር ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?»

«አልጠየቁኝም፣ ወይዘሪት።»

ሱሚንትራ ጥርሷን ነክሳ ትንሽ አየችው፣ በኋላ ግን ሳቋ መጣባት። «እናሸንፍም ይሆናል፣ እንሸነፍም ይሆናል። እንግዲህ ሴትዮዋ የጻፉት ነገር መጥፎ አይመስልም» አለችው። «ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ውሳኔው እስኪወጣ ድረስ ያ በር አጠገብ ዝር እንዳይሉ። እዚያ አድማ አለ፣ ዘበኛም አለ። ሌላ ፎቶ ከመጣ እኔ አላውቅዎትም።»

ጎረቤቶቹ ፀሐዩን ሸሽተው ሱቁ ጥላ ሥር ቆመዋል። እንዴት እንደሚያናግሩት ስላላወቁ ስለ ጨርቅ ዋጋ እያወሩ ነበር። ሳኬያሲ ተሻግሮ ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ ተቀመጠ። ኪቲዮኔ ሁለት ጥቅል የተቆላ ለውዝ ገዝቶ መጣ፣ አንዱን ሰጠው፣ አጠገቡ ተቀመጠ። ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጭቃው ላይ ሸርጣኖች ይራወጣሉ። ለውዙን እየቆረጠሙ ሊጨርሱት ጥቂት ቀራቸው።

«ልስቅብህ ነበር የጠራሁህ» አለ ኪቲዮኔ፣ ወደ ሸርጣኖቹ እያየ። «ጉንጭህ ፓፓያ አክሎ ስትመጣ አየሁህ። እንዲህ ሆኖማ አያልፍም አልኩ። አንድ ቅል ይጠጣና በአፉ ጥግ ሲፈስበት እንስቃለን ብዬ ነው። ሥራህን የበላሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ልነግርህ እመጣና፣ በርህ ጋ ስደርስ እንደለመድኩት እሰድብሃለሁ።»

ሳኬያሲ የመጨረሻዎቹን ለውዞች መዳፉ ላይ አንከባለላቸው። ከችሎቱ ይልቅ ይሄ ከብዶታል። «ጥርሱ ሦስት ሳምንት ሲያመኝ ነበር» አለ። «ሎሳሊኒ ሂድና ተነቀል ስትለኝ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እላታለሁ። የሄድኩት የአድማው ዕለት ነው። የሄድኩት አሞኝ አይደለም፣ አድማውን ፈርቼ ነው።»

ኪቲዮኔ ዞሮ አየው። ሳኬያሲ ስድብ ጠበቀ፣ ይገባኛልም ብሎ ነበር። ኪቲዮኔ ግን የለውዙን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» አለ። «የሚነቀል ጥርስ አልነበረኝም እንጂ።» ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ሳኬያሲ ጥርሱ እንደማያመው ያስተዋለው መንገዱን ሲሻገሩ ነው።

ሎሳሊኒን ከመሐል አድርገው ሲንቀሳቀሱ ሳኬያሲ ገበያው ጋ እንዲያቆምለት ጠየቀ። ወርዶ ካቫ ሻጮቹ መደዳ ገባ፤ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ ደህና እሽግ ሥር ከሰላሳ ዶላር በታች የለም። ሳይከራከር ገዛ። ሻጩ በጋዜጣ ጠቅልሎ በክር አሰረለት፣ እሱም እንደ ሕፃን ታቅፎት ተመለሰ። እንዲህ ታስሮ የሚገዛ ካቫ ለቤት እንዳልሆነ፣ ሰው ዘንድ ሲገባ የሚቀርብ መሆኑን ሎሳሊኒ ታውቃለች። ጋዜጣውን አየች፣ እሱን አየች።

«ጠበቃዋ ምን አለችህ?» አለችው።

«ሰምቻታለሁ።»

መኪናዋ ሁለት መታጠፊያ አለፈች። ሎሳሊኒ ፎርክሊፍቱን እያሰበች እንደሆነ ያውቃል፤ እሱም እያሰበው ነው። ከዚያ ከንፈሯ በአንድ በኩል ሰብሰብ አለ። «እንግዲህ የአድማውን ዋጋ ዘጠኝ ዓመት ከፍለሃል» አለችው። «ዕቃውን ግን እስካሁን አልወሰድክም። ሂድ ውሰድ።» እጇንም ዘርግታ የሸሚዙን ኮሌታ አቀናችለት።

ኪቲዮኔ ኮንቴይነር ግቢው በር ጋ ሲደርስ መኪናዋን አቆመ። ሳኬያሲ ወርዶ እሽጉን ታቅፎ መንገዱ ዳር ቆመ። ክቡ በወሬ ደምቋል። ከልማዱ የተነሣ እስኪጠሩት ጠበቀ፤ ማንም አልጠራውም፣ ማንም አያውቀውማ። እንደ ዛሬ ጠዋቱ ጉልበቱን እያየ ማለፍ ይችል ነበር። ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባ፣ እሽጉን በሁለት እጁ ከገበታው ፊት አስቀመጠ፣ ማለት የሚገባውን አለ። እነሱም አጨብጭበው ተቀበሉትና ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት። አጠገቡ የተቀመጠችው የኮንቴይነር ግቢውን ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ሴት ነበረች።

«ጋሼ፣ ከየትኛው ክፍል ነዎት?» አለችው።

«ከፎርክሊፍት።»

«ፎርክሊፍትማ እኔ ነኝ። አይቼዎት አላውቅም።»

«ትንሽ ዘግይቼ ነው» አለ ሳኬያሲ።

«ስንት ቀን?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሽማግሌ የሚቀልድባት መስሏት። ቅሉ ተቀድቶ፣ እንግዳ ነውና ወደሱ መጣ። ያን ጊዜ የበሩ ዘበኛ ከማረፊያው ወጣ። ያው የድሮው ዘበኛ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ በካሜራው ፈንታ አሁን ስልክ ይዟል። ስልኩን አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ፣ የሆነ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ዝቅ አደረገው፣ እንደገና አነሳው። ስልኩ አልታዘዘው ብሎ በአውራ ጣቱ ይነካካው ጀመር። መኪናዋ አጠገብ ኪቲዮኔና ሎሳሊኒ ቆመው ያያሉ። ሳኬያሲ ለማጨብጨብ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ዘበኛው ፎቶውን አንስቶ እስኪጨርስ ድረስም ሳያወርድ ጠበቀው።